ሯጯ የማትሮጥበት ልቦለድ፦ የኮሌጅ ስፖርት ፍቅር ለሚጽፉ ዝርዝር መመሪያ

«እስኪ አንብቢልኝ» ተብዬ የማያቸው የኮሌጅ ስፖርት የፍቅር ረቂቆች አንድ ዓይነት በሽታ አላቸው። ልጁ የቅርጫት ኳስ ኮከብ ነው ይባላል። እስከ ምዕራፍ 9 ድረስ ግን ኳስ ሲነካ አይታይም። ጠዋት ካፌ ነው። ከሰዓት ካፌ ነው። ማታ እሷ ዶርም በር ላይ ተገትሯል። መቼ ነው የሚሠለጥነው? መቼስ ነው የሚተኛው?

አልስቅባቸውም። የእኔም የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸው ነበር። ሯጭ ነች ያልኳት ልጅ በ140 ገጽ ውስጥ የሮጠችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም አውቶቡስ እንዳያመልጣት።

መድኃኒቱ ፍቅሩን ከስፖርቱ ሰዓት ውስጥ ማውጣት ነው። መቼ እንደሚገናኙ፣ ለምን እንደሚጣሉ፣ ምን እንደሚደባበቁ የሚወስነው የልምምድ ሰሌዳው ይሁን። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ሳትዘሉ ሂዱበት። በተለይ ደረጃ 2ን የዘለለ ሰው ደረጃ 5 ላይ ተመልሶ ያለቅሳል።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

አንድ ደብተር፣ ከነሐሴ እስከ ሰኔ ያለውን የሚያሳይ ትልቅ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ። አንዱ ቀለም ለእሷ፣ ሌላው ለእሱ። ሦስት ያልተቋረጡ ሰዓታትም ያስፈልጋሉ። ላፕቶፑን ዝጉት። መጻፍ እስክትጀምሩ ድረስ አያስፈልግም።

ደረጃ 1፦ አንድ ስፖርት ምረጡ፣ ሕጉን አጥኑ

1. የምታውቁትን ስፖርት ምረጡ። በእንግሊዝኛው ገበያ ሆኪ ነግሷል። በረዶ ላይ ቆማችሁ የማታውቁ ከሆነ ግን ተዉት፤ በሦስተኛው ገጽ ትጋለጣላችሁ። እኔ እዚህ በምሳሌነት የምይዘው የአሜሪካ ኮሌጅ አገር አቋራጭ ሩጫ ነው። እኛ ስለ ሩጫ ስንጽፍ እጃችን ብዙ አይንቀጠቀጥም።

2. ነጥብ እንዴት እንደሚያዝ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። በአገር አቋራጭ ከአንድ ቡድን 7 ሰው ይሮጣል። የመጀመሪያዎቹ 5 የገቡበት ደረጃ ይደመራል። ትንሽ ድምር ያለው ያሸንፋል። ከ1 እስከ 5 ተከታትሎ የገባ ቡድን 15 ያገኛል፤ ከዚያ የተሻለ የለም። 6ኛዋና 7ኛዋ ነጥብ አያስቆጥሩም። ከተቃራኒ ቡድን ሯጮች ቀድመው ሲገቡ ግን የእነዚያን ድምር ያከብዱታል።

3. ከሕጉ ውስጥ የሚያምመውን ቦታ ፈልጉ። እዚህ ላይ 5ኛነት ነው። ኮከቧን ማንም ያውቃታል። ቡድኑን የምታወጣው ወይም የምትጥለው ግን ብዙ ጊዜ 5ኛዋ ናት። ስለዚህ ባለታሪካችሁን 5ኛ አድርጓት። ዶርም የምትጋራትን ልጅ ደግሞ 6ኛ። ገና ምንም ሳትጽፉ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አልጋ ሙሉ ውጥረት አገኛችሁ።

4. የትምህርት ቤቱን ስም ፍጠሩ። ከተማው ወይም ግዛቱ እውነተኛ ይሁን። ስሙ ካልተፈጠረ አንባቢው «እዚያ እንዲህ ያለ ሕንፃ የለም» ብሎ ይይዛችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ «በሩጫ ስኮላርሺፕ ሃርቫርድ ገባች» አትበሉ። ሃርቫርድ ያለበት አይቪ ሊግ የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ለስፖርት ብሎ ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ኮሌጆች በስፖርት ከ1 እስከ 3 በዲቪዚዮን ይከፈላሉ፤ በዲቪዚዮን 3 ያሉትም አይሰጡም። የገንዘብ ድጋፉ በሌላ መንገድ ነው። የስፖርት ስኮላርሺፕ ከፈለጋችሁ ዲቪዚዮን 1 ወይም 2 ላይ ቆዩ። በሩጫ ደግሞ ሙሉ መሆን የለበትም። የጎደለውን ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሁለት ምዕራፍ ይወጣዋል።

ደረጃ 2፦ ቀን መቁጠሪያውን ሙሉ

ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህንን ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

1. የውድድር ወቅቱን በእሷ ቀለም አስምሩ። ረጅም ርቀት ሯጭ በኮሌጅ ሦስት ወቅት አላት። ነሐሴ ላይ ዝግጅት ይጀመራል። በፈረንጆች መስከረምና ጥቅምት ውድድር ነው። የኮንፈረንሱ (ትምህርት ቤቱ ያለበት የውድድር ማኅበር) ሻምፒዮና ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ፣ የክልሉና የአገሩ ሻምፒዮና ኅዳር ላይ ይመጣል። ከዚያ የቤት ውስጥ ትራክ እስከ መጋቢት። ቀጥሎ የውጪ ትራክ እስከ ሰኔ። ልብ በሉ፤ «ወቅቱ ሲያልቅ እንገናኛለን» ብትለው ወቅቱ አያልቅም። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር የእኔን ታሪክ ግማሽ ሠርቶልኛል። የመረጣችሁት የቅርጫት ኳስ ከሆነ መስመሩ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ይሄዳል። የመጋቢቱ አገር አቀፍ ውድድር የታሪካችሁ ጫፍ ይሆናል።

2. ሳምንቱን ሙሉ። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ በውድድር ወቅት ልምምድን በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀን 4 ሰዓት ይገድባል። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ግዴታ ነው። ጉዞና ሕክምና ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። ስለዚህ ልጅቱ በወረቀት 20 ሰዓት ትሠራለች፤ ሰውነቷ የሚያውቀው ሌላ ነው። ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የበረዶ ገንዳ፣ የአውቶቡስ ጉዞ፣ ሁሉንም ጨምሩ። ነጭ ሆኖ የቀረውን ቦታ ቁጠሩ። ፍቅሩ የሚኖረው እዚያ ነጭ ቦታ ውስጥ ነው።

3. የእሱን ሳምንት በሌላው ቀለም አስገቡ። ነጭ ቦታዎቻቸው እንዳይገጥሙ አድርጉ። በእኔ ምሳሌ ናሆም የግቢውን የማታ አውቶቡስ የሚነዳ ተማሪ ነው። እሷ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ትነሳለች። እሱ ሥራ የሚጨርሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። እሷ ማታ 3 ሰዓት መተኛት አለባት። በሳምንት የሚገናኙባቸው ደቂቃዎች በጣት ይቆጠራሉ።

4. የእኛን ቀናት ጨምሩ። ልጅቱ ኦርቶዶክስ ከሆነች ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የሚወድቀውም አብዛኛው የውጪ ትራክ ልምምድ በሚጠነክርበት ጊዜ ነው። የቡድኑ የምግብ ባለሙያ የብረት መጠንሽ ወርዷል ትላታለች፤ እናቷ በስልክ ጾሙን ያዝሽ ወይ ትላታለች። ሙስሊም ከሆነች ረመዳንን አስገቡ። ገና በፈረንጆች ጥር 7 ነው። ያን ጊዜ አሜሪካኖቹ በዓላቸውን ጨርሰው ወደ ልምምድ መመለሻቸው ነው። እሷ ግን ገና መክበሩ ነው።

5. የሰዓት አቆጣጠራችሁን ወስኑ። ይህ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ብቻ የምንወድቅበት ጉድጓድ ነው። ተራኪው በሐበሻ ሰዓት ይናገር፤ የስልክ ስክሪንና የአውቶቡስ ሰሌዳ በፈረንጅ ሰዓት ይታዩ። ወይም ሁሉንም በአንዱ አድርጉ። የወሩን ስምም እንዲሁ። መሐል ላይ ከቀያየራችሁ አንባቢው ልጅቷን እኩለ ሌሊት ልምምድ ላይ ያገኛታል።

ከተበላሸ፦ ነጭ ቦታ ጨርሶ ካጣችሁ ሰሌዳው ትክክል ነው። የእውነተኞቹም እንደዚያ ነው። አንድ ነገር ሰርዙ፤ የሰረዘችው ግን ልጅቷ ትሁን፤ ዋጋም ይኑረው። እንቅልፍ ከሰረዘች ቅዳሜ ውድድር ላይ ይታይ። ነጭ ቦታው ከበዛባችሁ ደግሞ ስፖርተኛ ሳይሆን ተመልካች እየጻፋችሁ ነው።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን ሰዎች ለየብቻ አቁሟቸው

ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ውሰዱ። አራት ጥያቄ መልሱ፦ ምን ይፈልጋል? ምን ያስፈራዋል? ለራሱ የሚነግረው ውሸት ምንድን ነው? ከሌላው የሚደብቀውስ? ቁመትና የዓይን ቀለም አትጻፉ። እነሱ የትም አይሄዱም።

ቤዛን እንያት። 20 ዓመቷ ነው። ያደገችው አሰላ ነው፤ ከፍታው 2,400 ሜትር አካባቢ። የመጣችው ነሐሴ ላይ ቨርጂኒያ ነው፤ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል። አገር ቤት የምታሸንፋቸው ዓይነት ልጆች እዚህ ያልፏታል። የምትፈልገው 5ኛነቷን ማስጠበቅ ነው። የምትፈራው «አሜሪካ ሄዳ ሳይሳካላት ተመለሰች» መባልን። ለራሷ የምትነግረው ውሸት፦ «ካልሮጥኩ ማንም አይፈልገኝም።» የምትደብቀው የቅልጥሟን ሕመም ነው።

ናሆም 21 ነው። እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያደገ። አባቱ ፋርማሲስት ይሆናል ብለው ለዘመድ ሁሉ ነግረዋል። እሱ የትምህርት ክፍሉን ወደ ትራንስፖርት ምሕንድስና ከቀየረ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ አልነገራቸውም። የአውቶቡስ ሰዓት ሰሌዳ በቃሉ ያውቃል። ማንንም አላስቀይምም ብሎ ያምናል፤ ውሸቱም እሱ ነው። ዝም ማለትን ደግነት አድርጎ ይቆጥራል።

አሁን አንድ ነገር አድርጉ። የእሱ ጥፋት የእሷን ፍርሃት እንዲነካ አስተካክሉ። እሱ ዝም ይላል፤ እሷ ዝምታን እንደ መጣል ትቆጥራለች። ይህ ከገጠመላችሁ ክፉ ሰው መፍጠር አያስፈልጋችሁም። ቅናተኛዋን የቀድሞ ፍቅረኛ አሰናብቷት፤ ደክማለች።

የቪዛውን ነገር አትርሱ። ቤዛ በኤፍ 1 የተማሪ ቪዛ ነው ያለችው። በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለባት። ግቢ ውስጥ በትምህርት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ትችላለች፤ ከግቢ ውጪ ግን ያለ ፈቃድ አትችልም። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ መሥራት ተፈቅዶላቸዋል። የቡድን ጓደኞቿ የጫማ ማስታወቂያ ይሠራሉ። እሷ ብትሠራ ቪዛዋን አደጋ ላይ ትጥላለች። ወንድሟ ግን የጓደኞቿን ፎቶ አይቶ «አንቺስ?» ይላታል። ለዚህ ስልክ ቢያንስ ሦስት ገጽ ስጡት።

ማስጠንቀቂያ፦ ባለታሪካችሁ ከአሰላ ወይም ከበቆጂ ከሆነች ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ ልትናገር ትችላለች። ከእናቷ ጋር የምታወራበትን ቋንቋ ቀድማችሁ ወስኑ። ቋንቋውን ካላወቃችሁ የሚያውቅ ሰው ይይላችሁ። በግምት አትጻፉ።

ከተበላሸ፦ ልጁ እንከን የለሽ ሆኖባችሁ ከሆነ ጓደኛው ስለ እሱ የሚያጉረመርምበት ገጽ ጻፉ። ልቦለዱ ውስጥ ባይገባም፣ ምን እንደጎደለው ያሳያችኋል።

ደረጃ 4፦ በዙሪያቸው ያሉት

አምስት ሰው ይበቃል። ኮቹ፣ ዶርም የምትጋራት ልጅ፣ የእሱ እናት፣ አንድ የቡድን ጓደኛ፣ አትሌቲክ ትሬነሯ።

ይህችኛዋን ብዙ ሰው ከኮች ያምታታታል። አታሠለጥንም። የጤና ባለሙያ ናት፤ ጉዳት የምታየው፣ በፋሻ የምታስረው፣ «ዛሬ አትሮጪም» የምትለው እሷ ናት። ለፍቅር ታሪክ ወርቅ ናት፤ ሚስጥሩን ከሁሉም ቀድማ የምታውቀው እሷ ስለሆነች።

6ኛዋን ልጅ ክፉ አታድርጓት። ከ2025 ጀምሮ ገቢን ለስፖርተኞች የማካፈሉን አዲስ አሠራር በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የአገር አቋራጭ ቡድን ከ17 ሰው አይበልጥም። ከዚያ በላይ ያለው ይቀነሳል። ሁሉም ሰው የፈራበት ቡድን ነው። 6ኛዋ ሾርባ ይዛላት እየመጣች በልቧ ግን የቤዛን ቅልጥም ብታይ፣ ሰው ነች።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮች ከሯጩ ጋር ፍቅር አይጀምርም። ይህ ፍቅር ሳይሆን ሥልጣንን ያለአግባብ መጠቀም ነው፤ እዚያም ከሥራ ያስባርራል። ልጁን አስጠኚዋ ካደረጋችሁትም ተጠንቀቁ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ክፍሉ አስጠኚ ከሚያስጠናት ስፖርተኛ ጋር መቀራረብ አይፈቀድለትም። ድርሰቷን ከጻፈላት ደግሞ እሷ ከውድድር ልትታገድ ትችላለች። ያንን ችግር ሆን ብላችሁ ከፈለጋችሁት ጥሩ ነው። ሳታውቁት ከገባችሁበት ግን ልቦለዱ ይፈርሳል።

ደረጃ 5፦ ግንኙነቱን በወራት ላይ ዘርጉት

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው ተመለሱ። ስምንት ትዕይንት ምረጡ፤ እያንዳንዱን ቀን ላይ ለጥፉት። በእያንዳንዱ ሥር ሁለት ነገር ጻፉ፦ ምን ያህል ቀረቡ? ምን ከፈሉ?

1. መጀመሪያ ሲገናኙ አንዱ የሆነ ነገር ይክፈል። ተጋጭተው ደብተር መበተኑ ይቅር፤ ከእናታችን ጊዜ ጀምሮ ደብተር ሲበተን ነው። ቤዛ ቅልጥሟን ስታሳሽ መሽቶባት የመጨረሻው አውቶቡስ ያመልጣታል። ናሆም ተሳፋሪ አውርዶ ወደ ማቆሚያ እየተመለሰ ነው። ከመስመር ውጪ ሰው መጫን ክልክል ነው። አይጭናትም። አውቶቡሱን አቁሞ በእግሩ ይሸኛታል፤ በዚህም 40 ደቂቃ ዘግይቶ ይመለሳል፤ ማስጠንቀቂያም ይደርሰዋል። አንባቢው የልጁን ጠባይ በአንድ ትዕይንት ያዘ።

2. ሁለተኛውን ግንኙነት ሰሌዳው ያምጣው፤ ዕድል አይሁን። በየሐሙሱ ሕክምና አላት፤ በየሐሙሱ እሱ ያንን መስመር ይነዳል። አንባቢው ሐሙስን መጠበቅ ይጀምር። ከዚያ አንድ ሐሙስ ንጠቁት። በዚያ ሳምንት ለውድድር ተጉዛለች። ባዶ ወንበር ብቻ አሳዩ።

3. ጀንጀናውን በሥራ ውስጥ ቅበሩት። «ዓይኖችሽ ከዋክብት ናቸው» ይቅር። ናሆም የምትወርድበት ፌርማታ ላይ ከሰሌዳው 30 ሰከንድ አስቀድሞ ይደርሳል፤ ያን 30 ሰከንድ በሩን ሳይከፍት ያወራታል። እሷ ሯጭ ናት፤ 30 ሰከንድ ምን ያህል እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። ፎንቃ እንደያዘው ለማሳየት ከዚህ በላይ ቃል አያስፈልግም።

4. ውድድር ላይ አምጡት፤ ምን እንደሚያይ ግን እወቁ። አገር አቋራጭ እንደ ስታዲየም አይደለም። ሯጮቹ ዛፍ ውስጥ ይጠፋሉ፤ ተመልካቹ ሜዳውን እያቋረጠ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይሮጣል። እሱ መሮጥ አይችልም። እያለከለከ ሲደርስ እሷ አልፋለች። ይህ አስቂኝም ነው፤ ግንኙነታቸውም ነው።

5. ታኅሣሥ ላይ ግቢው ሲዘጋ ቀራረቧቸው። ዶርሞች ለበዓል ይዘጋሉ፤ የአውሮፕላን ቲኬት ውድ ነው፤ የውጭ አገር ተማሪ መሄጃ ያጣል። በገና ዕለት የናሆም እናት ቤት ትገባለች። ዶሮ ወጥ አለ። ነገ ጠዋት 14 ኪሎ ሜትር አለባት። እናቱ እትዬ አስቴር ደግሞ «ይህቺ ልጅ አጥንቷ ቀረ» ብለው ሦስተኛ ጉርሻ እየሠሩ ነው። እምቢ ማለት አትችልም። ጠዋት ምን እንደሚሆን እናንተ ጻፉት።

6. የመጀመሪያው መሳሳም የት ይሁን? ካሸነፈች በኋላ አይሁን። ሁሉም ሰው እዚያ ነው የሚያደርገው። የእኔዎቹ የተሳሳሙት ውድድር አምልጧት መዋኛ ገንዳ ውኃ ውስጥ ስትሮጥ ከዋለች በኋላ ነው፤ ክሎሪን ክሎሪን እየሸተተች።

ማስጠንቀቂያ፦ እምቢ ካለችው በኋላ ጂም በር ላይ ሦስት ቀን የሚጠብቅ ልጅ አፍቃሪ አይደለም፤ አስፈሪ ነው። የቆዩ ታሪኮቻችን ሙጥኝ ማለትን እንደ ወንድነት አስለምደውናል። እሷ «አይ» ካለች እሱ ይሂድ። የሚመልሰው የእሷ ውሳኔ ይሁን።

ከተበላሸ፦ ሁለቱ ሲያወሩ ከሰለቻችሁ ሁለቱም እጅ ላይ ሥራ ስጡ። እሱ መስኮት ይጥረግ፤ እሷ ቅልጥሟ ላይ በረዶ ትያዝ። አሁንም ከሰለቻችሁ አንዱ የሚፈልገውን ነገር ቀድሞ ስለተናገረ ነው። አፉን ዝጉት።

ደረጃ 6፦ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ይህ ራስ ምታት የለባቸውም። እኛ አለብን። በረከትም ነው።

1. ኮቹ አሜሪካዊ ነው፤ በእንግሊዝኛ ነው የሚነጋገሩት። በአማርኛ ስትጽፉ ግን መምረጥ ግድ ነው። ቤዛ በልቧ ኮቿን «እርስዎ» ብላ ታስባለች። የቡድን ጓደኞቿ «አንተ» ይሉታል። ይህን ልዩነት ያዙት። ከዚያ በተጣሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ይውጣት። አንባቢው ከወንበሩ ይነሳል።

2. ሁለቱ ፍቅረኞች ከመጀመሪያው አንተ እና አንቺ ይባባሉ። እኩያ ተማሪዎች ናቸው፤ አንቱታ አያስፈልግም። እናቱን «እትዬ አስቴር» ትላቸዋለች እንጂ በስማቸው ብቻ አትጠራቸውም።

3. የናሆምን አማርኛ አሰባብሩት፤ ግን አታሹፉበት። ይሰማል፤ ሲመልስ በእንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ በአማርኛ ሲያናግራት «አንተ ደክሞሃል?» ይላታል። ትስቃለች። ከዚያ በኋላ ሲቀላለዱ «አንተ» እያለች የምትጠራው ራሷን ነው፦ «አንተ ዛሬ 6ኛ ወጣ።» የሁለቱ ብቻ የሆነ ቋንቋ ተወለደ። እንዲህ ያለ አንድ ነገር ካገኛችሁ አታባክኑት። ሦስት ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ሦስተኛው የመለያየቱ ቀን ይሁን።

ደረጃ 7፦ ጉዳቱን በትክክል ጻፉት

1. ጉዳቱ ከስፖርቱ ይውጣ። የሯጭ የተለመደ ጉዳት የቅልጥም አጥንት ስንጥቅ ነው። በአንድ ቀን አይመጣም። መጀመሪያ ከሩጫ በኋላ ያማል፣ ከዚያ በሩጫ መሐል፣ ከዚያ ደረጃ ስትወርድ። ቅርጫት ኳስና እግር ኳስ ከሆነ የጉልበት ጅማት መበጠስ አለ፤ ያ በአንዲት ቅጽበት ይመጣል።

2. ምርመራውን አትሳቱ። ኤክስሬይ መጀመሪያ ላይ ስንጥቁን ብዙ ጊዜ አያሳይም። ኤምአርአይ ነው የሚያሳየው። «ኤክስሬዩ ንጹሕ ነው» ብላ ደስ ብሏት ለሁለት ሳምንት ከሮጠች በኋላ እውነቱ ቢመጣ፣ ያ ደስታ ራሱ ትዕይንት ነው።

3. ጊዜውን ቀን መቁጠሪያው ላይ ቁጠሩ። ለቅልጥም ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት። ለተበጠሰ የጉልበት ጅማት 9 ወርና ከዚያ በላይ። በሦስት ሳምንት ድና ሻምፒዮና የምታሸንፍ ልጅ ካለቻችሁ ሰርዟት።

ከተበላሸ፦ ጉዳቱ ታሪኩን ካቆመው ልጅቷን ከሜዳው አታርቋት። የሕክምና ቡት አድርጋ የሌሎቹን ውኃ ትያዝ። 6ኛዋ በእሷ ቦታ 5ኛ ስትገባ ታጨብጭብ። ከማልቀሷ ይልቅ ጭብጨባዋን ጻፉ።

ደረጃ 8፦ መለያየቱ

እዚህ ደረጃ ላይ የሚሠራው ስሕተት አንድ ነው። እሷ እሱን ከሌላ ሴት ጋር ተቃቅፎ ታየዋለች። ትሸሻለች። ስልኳን ታጠፋለች። ከ60 ገጽ በኋላ ሴትየዋ የአክስቱ ልጅ ሆና ትገኛለች። የአክስት ልጆች ሁሉ በሥራ ተጠምደዋል፤ ተዉአቸው።

1. የሚለያያቸው የሁለቱም ትክክለኛ ውሳኔ ይሁን። ኤንሲኤኤ ከ2018 ጀምሮ ስፖርተኞች ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ለመዛወር ስማቸውን የሚያስገቡበት ፖርታል አለው። ቤዛ ስሟን አስገብታለች። ከፍታ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ፈልጓታል፤ ፍላግስታፍ፣ አሪዞና፣ 2,100 ሜትር። አየሩ የአሰላን ይመስላል። ናሆም ደግሞ ይህን ከሌላ ሰው ሰማ።

2. የደረጃ 3ን ውሸት አውጡ። ሰምቶ ዝም አለ፤ እንዳይጫናት ብሎ። እሷ ዝምታውን «ሂጂ» ብላ አነበበችው። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ክፉ አይደለም።

3. ሁለቱንም በተራ ጠበቃ ሁኑላቸው። አንድ ገጽ ለእሷ ተከራከሩ፣ አንድ ገጽ ለእሱ። አንዱ ገጽ በቀላሉ ካሸነፈ መለያየቱ ገና አልበሰለም።

4. ዕርቁን በንግግር አትጀምሩት። እሱ መጀመሪያ አባቱን ይጋፈጥ፤ ዝምታውን የሚሰብረው እዚያ ነው። ለእሷ ከመናገሩ በፊት መናገር መቻሉን እናይ። እሷም መጀመሪያ ለኮቿ «ያመኛል» ትበል። ከዚያ ይገናኙ።

ትሄዳለች ወይስ ትቀራለች? አልነግራችሁም። ለእሱ ብላ ከቀረች ግን ግማሹ አንባቢያችሁ መጽሐፉን ይወረውረዋል። ከሚወረውሩት አንዷ እኔ ነኝ።

ደረጃ 9፦ ረቂቁን ፈትሹ

1. ስፖርቱን አውጡት። በምትኩ «የሒሳብ ክበብ» ብላችሁ በልባችሁ አንብቡት። ታሪኩ ሳይናጋ ከቆመ ስፖርቱ ጌጥ ነበር። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

2. ፍቅሩን አውጡት። ልጅቷ አሁንም ችግር አላት? ከሌላት ወደ ደረጃ 3።

3. የእያንዳንዱን ትዕይንት ቀንና ሰዓት በዳር ጻፉ። መጻፍ ያቃታችሁ ትዕይንት አየር ላይ ተንሳፍፏል። የአንድ ወዳጄን ረቂቅ እንዲህ ስንፈትሽ ልጁ ቅዳሜ በተመሳሳይ ሰዓት ኦሃዮ ሲጫወትና ቦስተን ሲስማት አገኘነው።

4. ምልልሱን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አፋችሁ ላይ የሚያነክሰው ዓረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው። «እንዴት ቢያናግራት ነው በአማርኛ?» ብላችሁ እንደገና ጻፉት።

5. ምዕራፍ 12 ላይ ደርሳችሁ ልጁን ራሳችሁ ካልወደዳችሁት፣ ይህ ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል፣ ያንን ምዕራፍ ከእሱ ዓይን እንደገና ጻፉ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። የመጨረሻውን ተሳፋሪ አውርዷል። ወለሉን እየጠረገ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር የሆነ ነገር ያገኛል። ምን እንደሆነ ስታውቁ ልጁንም አወቃችሁት፤ ከዚያ ወደ ምዕራፍ 1 ተመልሳችሁ ያንን ነገር እዚያ አስቀምጡት።